ከልጆች ጋር በማለዳ አላሙራን መውጣት፦ ከዋዜማው ማታ እስከ አሳ ሾርባው

የሀዋሳውን የአላሙራ ተራራ ከልጆቻችን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ልንወጣ ስንነሳ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሆኖ ነበር። ቁርስ ይብሉ አልን። የልጅቷ ጸጉር ይሠራ አልን። ባጃጅ ፍለጋ ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት። መንገዱን ሳናጋምስ ጸሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ትንሹ ልጄ መሬት ላይ ተዘርፍጦ፣ «እማዬ፣ እኔ አልሄድም፤ ተራራው ይምጣ» አለኝ።

ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ግን ደጋግመን ወጥተናል። ከልጆች ጋር ተራራ ለመውጣት ጉልበት ብዙም ችግር አይደለም፤ ችግሩ ሰዓት ነው። ማለዳውን ካገኛችሁት ሌላው ይስተካከላል። ካመለጣችሁ ምንም ብትሸከሙ አያድናችሁም። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ ይህችን ማለዳ ላለማባከን የምናደርገው ነው።

የትኛው ተራራ?

ሀዋሳ ውስጥ ለቤተሰብ የሚሆኑ ሁለት ምርጫዎች አሉ። ታቦር ሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አጠገብ ነው። ተራራ ይባል እንጂ ጉብታ ነው። ልጅ ይዛችሁም ቢሆን ከአርባ ደቂቃ ብዙም አይፈጅም።

አላሙራ ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው ነው። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአላሙራ ጫፍ ደግሞ 2,000 ሜትርን ትንሽ ያልፋል። ልዩነቱ 300 ሜትር ገደማ ነው። 300 ሜትር በአስፋልት ከቤት እስከ ሱቅ ነው። ወደ ላይ ሲሆን ግን መቶ ፎቅ በደረጃ እንደመውጣት ነው። ይህንን ለልጆቹ ሳይሆን ለራሳችሁ ንገሩት።

ልጃችሁ ከ6 ዓመት በታች ከሆነ በታቦር ጀምሩ። በአንቀልባ የሚታዘል ሕፃን ካለም ታቦር ይበቃል። አዝሎ መውጣቱ አይደለም የሚያስፈራው፣ አዝሎ ቁልቁል መውረዱ ነው። ታቦርን ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሳያለቅስ የተመለሰ ልጅ ለአላሙራ ደርሷል።

በነገራችን ላይ እናቴ ይህን ነገራችንን እስካሁን አልገባትም። «ተራራ የሚወጣው ለገዳም ነው፤ እናንተ ምን ልታመጡ ነው?» ትላለች። መልስ የለኝም። ሽማግሌ ወላጅ ካላችሁ አታስገድዱ። እኛ አሞራ ገደል ቀጥረናት እንወርዳለን፤ እሷም ከእኛ ቀድማ ደርሳ ሻይዋን ይዛ ትጠብቀናለች።

መቼ ነው ጥሩ?

ከጥቅምት እስከ የካቲት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ መንገዱም ደረቅ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ይመጣል፤ ከሰኔ በኋላ ክረምቱ። በዝናብ ወቅት መውጣት አይቻልም ማለቴ አይደለም። ግን ከዘነበ ቢያንስ አንድ ደረቅ ቀን ይለፍ። ጭቃው ሲወጡ ያዝላል፣ ሲወርዱ ይጥላል።

ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን ይመረጣል። እሁድ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለታመመ ጡንቻም ይቀራል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አካባቢ አታስቡት። ለገብርኤል ንግሥ ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች፤ ባጃጅም አታገኙም።

ከሌላ አገር የሚመጡ ዘመዶቻችን ሁልጊዜ የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። ጸሐይ ከሐይቁ ላይ ስትወጣ ፎቶ እናነሳለን ብለው ይመጣሉ። ሐይቁ ከከተማዋ በስተምዕራብ ነው፤ ጸሐይ እዚያ የምትጠልቀው ነው። ጠዋት የምትወጣው በወንዶ ገነት ተራሮች በኩል ነው። ይህ ግን ጥቅም አለው። ማለዳ ላይ ጸሐይዋ ከጀርባችሁ ሆና ሐይቁን ታበራላችኋለች። ፎቶው ከዚያ ሰዓት በኋላ እንደዚያ አያምርም።

ከሳምንት በፊት

የሚሄዱበትን ጫማ አድርገው አንድ ሰዓት ይራመዱ። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ባለው የሐይቅ ዳር መንገድ ወዲያ ወዲህ ማለት በቂ ነው። ግን ጎህ ሳይቀድ ውሃው ጠርዝ አትቅረቡ። ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ፤ ሌሊት ሳር ሊግጥ ወጥቶ ወደ ውሃው የሚመለሰው በዚያ ሰዓት ነው።

አዲስ ጫማ ለተራራ አይሆንም። ልጄ ለዚሁ ብላ የተገዛላትን ነጭ ስኒከር አድርጋ ሄዳ ተረከዟ ውሃ ቋጥሮ ሦስት ቀን በነጠላ ጫማ ከርማለች። ያረጀ ሆኖ ሶሉ ያላለቀ ጫማ ከሁሉም ይሻላል። ሶሉ ልሙጥ ከሆነ ግን ምንም ቢመች ይቅር። ኮንጎ ጫማም ለአላሙራ አይሆንም፤ እግር ሲያልበው ውስጡ ያንሸራትታል።

የዋዜማው ማታ

ሥራው በሙሉ የሚያልቀው እዚህ ነው። ጠዋት የሚሠራ ነገር ካስቀራችሁ ዘግይታችኋል ማለት ነው።

*ውሃ።* ለአዋቂ 1 ሊትር ተኩል፣ ለልጅ 1 ሊትር። ለአራት ሰው 5 ሊትር ሆነ። አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ አምስት ኪሎ አባት ላይ ብቻ አይጫንም። ልጆቹ የየራሳቸውን ግማሽ ሊትር ይያዙ፣ የቀረውን ሁለት አዋቂ ይካፈል። አንድ የኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ፓኬትም ጨምሩ። ከባድ ድካም ወይም ተቅማጥ ከመጣ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጠበጣል።

*ምግብ።* ቅቅል እንቁላል፣ ድፎ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን። ጾም ከሆነ እንቁላሉ በለውዝ ቅቤ ይተካል። እኔ ግን በሶ የሌለበትን ጉዞ ጉዞ አልለውም። ዱቄቱን ከስኳርና ከትንሽ ጨው ጋር ቀላቅዬ በደረቅ ፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ እሞላለሁ። ጫፉ ላይ ውሃ ጨምሮ መናጥ ነው። አይፈስም፣ አይበላሽም፣ ከከረሜላ የበለጠ ያቆማል። ቆሎና ዳቦ ቆሎም ጥሩ ነው፤ ግን እያለከለከ ለሚወጣ ትንሽ ልጅ አትስጡት፣ ያንቀዋል። ተቀምጦ ሲያርፍ ይብላ።

*ልብስ።* በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳው ይበርዳል፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ደግሞ ያቃጥላል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ሳይሆን ቲሸርት፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ስስ ጃኬት። እየሞቀ ሲሄድ አንድ በአንድ ይወልቃል። ሱሪው ረጅም ይሁን። እሾህም አለ፣ ሳማም አለ፤ ሀዋሳ ደግሞ የወባ አገር ናት፣ ትንኟ እስከ ንጋት ትናከሳለች። ኮፍያ ለሁሉም። አንድ ጋቢ ለቤተሰቡ በሙሉ፤ ለምን እንደሆነ ጫፉ ላይ ታዩታላችሁ።

ከዚህ ሌላ ፕላስተር፣ ፋሻ፣ ሶፍት፣ ሁለት ባዶ ፌስታል፣ አንድ የእጅ ባትሪ፣ ቻርጅ የሞላ ስልክ። አስም ያለበት ልጅ ካለ የሚስበው መድኃኒት ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን እናት ወይም አባት ኪስ ውስጥ ይሁን።

*ባጃጅ።* ማታውኑ ደውሉ። የምታውቁት ልጅ ቢሆን ይመረጣል። ኮንትራቱን መሄጃና መመለሻውን አንድ ላይ ተነጋገሩ፣ ዋጋውንም ጨርሱ። በ11 ሰዓት ተኩል ከፈለጋችሁት «11 ሰዓት ከሩብ» በሉት። የሁለተኛ ባጃጅ ስልክም ያዙ። እኔ አንዴ ተኝቶብኝ ነው ይህን የተማርኩት።

*ጎረቤት።* የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። «እስከ 5 ሰዓት ካልደወልኩ ደውዪልኝ» ማለት ይበቃል።

የመጨረሻዋ ዘዴ ባለቤቴን ያሳቀችው ናት፤ አሁን ግን እሱም ይከተላታል። ልጆቹን ከካልሲያቸው በቀር የጠዋቱን ልብስ አልብሼ አስተኛቸዋለሁ። በሌሊት ሱሪ ፍለጋ የለም፣ ለቅሶ የለም።

ማለዳው

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ45 ተነሱ። ልጆቹን 11 ሰዓት ላይ ቀስቅሱ። ትኩስ ሻይ በቁራሽ ዳቦ በቂ ነው። ከባድ ቁርስ አብልቶ ዳገት ማስወጣት ማስመለስ ያመጣል። ሽንት ቤት ሁሉም ይግባ፣ «አልመጣኝም» ያለውም።

ጸሐይ የምትወጣበት ሰዓት እንደ ወሩ ይለያያል። በኅዳር መግቢያ 12 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው፤ በጥር ወደ 12 ሰዓት ከ45 ይጠጋል። ተራራው ሥር ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ መድረስ ነው። ግን በጨለማ መውጣት አትጀምሩ። መንገዱን በዓይናችሁ ሳታዩ፣ ድንጋይና ጥላ ሳትለዩ እግር አይነሳም። ጅቡ መጀመሪያ ወደ ቤቱ ይግባ፣ እናንተ ከዚያ ትወጣላችሁ።

ታች ያሉ ሰዎችን ሰላም በሉ። ሰው ጓሮ አጠገብ እያለፋችሁ ነው። መንገዱን ጠይቁ፤ የእንጨትና የከብት መሄጃ ብዙ ስለሆነ አንዱ ወደ ጫፍ ሲወስድ ሌላው ሰው ማሳ ውስጥ ይጥላችኋል። እኛ ሁልጊዜ አንድ የሰፈሩን ወጣት ይዘን ነው የምንወጣው። ዋጋውን ከመነሳታችን በፊት እንስማማለን። መንገዱን ያውቃል፣ ሰው ያውቀዋል፣ ልጅ ቢደክም ያዝላል። ሰው ባልበዛበት ጠዋት ብቻችሁን አትውጡ። ውድ ነገር ደግሞ እቤት ይቅር።

ዳገቱ

ፊት የሚሄደው ቀርፋፋው ልጅ ነው። አባቶች ይህን አይወዱትም፤ ፊት ፊት እየሄዱ «ኑ እንጂ!» ማለት ይወዳሉ። ኋላ የቀረ ልጅ ግን ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። እሱ ሲደርስ ሌላው አርፎ ስለሚነሳ፣ እሱ ሳያርፍ ይቀጥላል። ስለዚህ ትንሹ ይምራ። አንድ አዋቂ ከኋላው፣ አንድ አዋቂ ከሁሉም መጨረሻ።

ፍጥነታችሁን በወሬ ለኩት። እያወራችሁ መሄድ ከቻላችሁ ልክ ነው። ቃል መሀል መተንፈስ ከጀመራችሁ ፈጥናችኋል። በየ20 ደቂቃው 5 ደቂቃ ቁሙ። ውሃ ሳይጠማችሁ ሁለት ሁለት ጉንጭ ጠጡ።

«ደረስን ወይ?» የሚለው ጥያቄ በ10ኛው ደቂቃ ይጀምራል። «ትንሽ ቀረን» አትበሉ፤ ሁለተኛ አያምኗችሁም። የሚታይ ነገር አሳዩ። «እዚያች ግራር ጋ ስንደርስ ብርቱካን እንልጣለን» ይበቃል። ሥራም ስጧቸው። እኛ ቤት አንዷ ሰዓት ተቆጣጣሪ ናት፣ ትንሹ የውሃ ሚኒስትር ነው። ሚኒስትሩ ሳያዝ ማንም አይጠጣም። ሹመት ያለበት ሰው አይዘረፈጥም።

ነካክተው የማያውቁትን ተክል እንዳይነኩ ቀድማችሁ ንገሯቸው። በተለይ ቅንጭብ። አጥር ላይ የምታዩት ቅጠል አልባው አረንጓዴ ዱላ የሚመስለው ነው። ሲሰበር ነጭ ወተት ይወጣዋል፤ ያ ወተት ዓይን ከገባ ከባድ ጉዳት ያመጣል። ከነካ ዓይኑን ሳያሹ በብዙ ውሃ እያጠቡ ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ድንጋዩ ግን ይነካ። ከተማዋም ሐይቁም የተቀመጡት ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ፣ ላዩ ወደ ውስጥ ሰምጦ በሠራው ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሀዋሳ ዙሪያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ እንደ ደረቅ ዳቦ የቀለለ ድንጋይ ታገኛላችሁ። ባለፈው ልጄ አንዷን፣ የአውራ ጣቱን ጥፍር የምታህል፣ አንስቶ «ይሄ የውሸት ድንጋይ ነው» አለ። የጠርሙሱን ክዳን ገልብጬ ውሃ ሞላሁና ጣል አደረግናት። ተንሳፈፈች። በጣቱ ወደ ታች ገፋት፤ ተመልሳ ወጣች። እንደገና ገፋት። ለአስር ደቂቃ ከዚያ ቦታ ማስነሳት አልቻልንም። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው አየር ነው የሚያንሳፍፋት፤ ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ጋዙ የተወው ቀዳዳ ነው። እንደዚህ ያለ ነገር ሲገኝ አትቸኩሉ። አስር ደቂቃው ከሰዓታችሁ ላይ ነው የሚቀነሰው፣ እሺ፤ ግን ልጁ የሚያስታውሰው ጫፉን አይደለም፣ እሷን ነው።

የመመለሻዋ ሰዓት

ስልካችሁ ላይ ለጠዋቱ 2 ሰዓት ደወል ሙሉ። ሲጮህ ጫፉ ላይ ካልሆናችሁ፣ የትም ብትሆኑ እዚያው ተቀምጣችሁ ቁርሳችሁን በልታችሁ ትመለሳላችሁ። «እዚህ ድረስ መጥተን!» የሚል ሰው ይኖራል። ብዙ ጊዜ አባትየው ነው። አትስሙት። ከዚያ በኋላ በወጣችሁ ቁጥር የምትወርዱት በጠራራ ጸሐይ ነው፤ ውሃውም፣ ትዕግሥቱም የሚያልቀው ያኔ ነው።

ደወሉ ሳይደርስም የሚያስመልሱ ምልክቶች አሉ። ለፍላፊው ልጅ ዝም ካለ፣ ፊቱ ከገረጣ፣ መሰናከል ካበዛ፣ ራሴን አመመኝ ወይም አቅለሸለሸኝ ካለ ጥላ ሥር አስቀምጡት። ልብሱን አሳሱለት፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ ስጡት። ሲሻለው ወደ ታች ነው የሚኬደው።

ጫፉ ላይ

መጀመሪያ ጋቢውን አውጡ። ላብ ያራሰው ጀርባ ጫፍ ላይ ነፋስ ሲያገኘው ልጅ ወዲያው ይንቀጠቀጣል። ሁለቱን በአንድ ጋቢ ጠቅልሉ፣ ከዚያ ምግብ ታወጣላችሁ።

በስተምዕራብ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለልጆች የሚገርማቸው ሌላ ነው፦ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። «ታዲያ ለምን አይሞላም?» ብለው ይጠይቃሉ። ጸሐይ ታተነዋለች፣ ወደ መሬትም ይሰርጋል። በስተምሥራቅ ደግሞ ረግረጉ ጨለለቃ ነው። ድሮ እሱም ሐይቅ ነበር፣ ደለል ሞላው። ከዚያ ወዲያ የወንዶ ገነት ተራሮች። ከዚያ ልጆቹ ቤታቸውን መፈለግ ይጀምራሉ። አያገኙትም፤ ግን ሁሉም አገኘሁ ይላል።

በሶውን ናጡ፣ እንቁላሉን ላጡ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ልጣጩም፣ ሶፍቱም፣ የከረሜላው ወረቀትም ወደ ፌስታል።

ቁልቁለቱ

ሰው የሚወድቀው ሲወርድ ነው። ልጆች ቁልቁለት ሲያዩ መሮጥ ይፈልጋሉ፤ ያ ቀላል ድንጋይ ደግሞ እግር ሥር እንደ ሽምብራ ይንከባለላል።

ከመነሳታችሁ በፊት የሁሉንም ጫማ ማሰሪያ ፈትታችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ካልጠበቀ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ የአውራ ጣት ጥፍር ይጠቁራል። ዳገታማው ቦታ ላይ በጎን ዞሮ፣ ጉልበት ትንሽ አጠፍ አድርጎ፣ አጭር አጭር እርምጃ። አዋቂው ከልጁ በታች ይሁን፤ ልጁ ቢንሸራተት እናንተ ላይ ያርፋል። መሮጥ ክልክል ነው፣ ጨዋታ የለም።

እስካሁን በቤታችን ታሪክ የወደቀው አንድ ሰው ነው። ባለቤቴ። እየሮጠ።

ከወረዳችሁ በኋላ

3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ታች ናችሁ። አስጎብኚያችሁን ሸኙ፣ ጎረቤታችሁ ጋ ደውሉ፣ በቀጥታ ወደ አሞራ ገደል። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊት ያወጡትን እየዘረገፉ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ትርፍራፊ ጥበቃ እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ቆመዋል። ልጅ እጁ ላይ ምግብ ይዞ እንዳይጠጋቸው፤ ጦጣዎቹም እንደዚያው ናቸው።

ለልጆች ትኩስ የአሳ ሾርባ ወይም የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ይዘዙላቸው፣ እሾሁን ራሳችሁ ልቀሙ። ጥሬው በአዋዜ ለአዋቂ ይቆይ።

ልጆቹ እግራችንን ሐይቁ ውስጥ እንንከር ይላሉ። አይሆንም። ሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ የሚገባው በቆዳ በኩል ነው። እግር የሚታጠበው እቤት በሳሙና ነው። ውሃ የቋጠረ ካለ አታፈንዱት፣ አድርቃችሁ በፕላስተር ሸፍኑት።

ሱሪያቸውን ከማጠባችሁ በፊት ደግሞ ኪሳቸውን ፈትሹ። እኔ ሳልፈትሽ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ ስመለስ፣ የልብሱ አረፋ ላይ ዘጠኝ ትንንሽ ድንጋይ ተንሳፍፎ አገኘሁ።